ካሳ በጀልባ

ወረታ ውስጥ ሚስቱ ያኮረፈችበት ሰው «ምን ይሻለኛል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ጣታቸውን ወደ እኔ ቤት ይቀስሩለታል። አቅጣጫው ትክክል ነው። ቤት እንደማልገኝ ግን አይነግሩትም። እኔ የምገኘው ሌላ ሰው ቤት፣ በሌላ ባልና ሚስት መሐል፣ «እስቲ አንቺ ጨርሺ፣ አንተ ዝም በል» እያልኩ ነው። ሌላው በመጠጥ፣ ሌላው በካርታ እንደሚለከፍ፣ እኔ በሰው ጠብ ተለክፌአለሁ። እንጀራዬ እንኳ እሱ አይደለም፤ ሩዝ መፈልፈያ ቤት ሚዛን ላይ የምቆም ሰው ነኝ። ግን ጸጉሬ ገና በሠላሳ ዓመቴ ሸበተና ሰው «ሽማግሌ» አለኝ። እኔም ሽበቴን እንደ ሹመት ደብዳቤ ተቀበልኩት።

አብረውኝ የሚያስታርቁ ሦስት ሰዎች አሉ፤ እውነተኞቹ ሽማግሌዎች እነሱ ናቸው። ቄስ ሞላ የሁላችንም አባት ናቸው። ትዕግሥታቸው መጠን የለውም፤ እንዲያውም ጠብ ቶሎ ሲበርድ ቅር ይላቸዋል። አያ ደመቀ የነገር ሥር ፈላጊ ናቸው፤ የትናንትን ስድብ ለማብረድ ከተሰዳቢው አያት ይጀምራሉ። አያ ፈንታ ደግሞ ጆሯቸው ከከበደ ቆይቷል። ሆኖም እንደሳቸው የማያዳላ ሰው የለም፤ ሁለቱንም ወገን እኩል አይሰሙም።

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» የሚለውን ተረት ባለቤቴ ውባለም ስንት ጊዜ እንደተረተችብኝ አላስታውስም። ስለ አንዲት ጎረቤት የምታወራ እየመሰለኝ አብሬያት እስቅ ነበር።

ባለፈው ክረምት የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ባለበሰበት ቀን፣ እኔና ሦስቱ ሽማግሌዎች ሁለት ገበሬዎችን በድንበር ጉዳይ እናስታርቅ ነበር። ድንበሩ ከውሃ በታች ነው። ሩዙም ከውሃ በታች ነው። ከሳሽና ተከሳሽ እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ቆመው «ድንበሩ እዚህ ጋ ነው!» «የለም፣ እዚያ ጋ ነው!» እያሉ ውሃውን በዱላ ይመታሉ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሲባል እሰማ ነበር እንጂ፣ ሰው በርግጥ ሲወቅጠው ያየሁት ያን ቀን ነው። እስኪመሽ ድረስ አልተላቀቅንም።

በዚያው ሰዓት ውሃው ቤቴ ገብቷል። ውባለም የሩዙን ከረጢት ሁሉ ብቻዋን እየጎተተች አልጋ ላይ ከመረችው። ዶሮዎቹን ከረጢቱ ላይ አወጣች፤ በመጨረሻም ራሷ ወጥታ ከዶሮዎቹ ጋር ተቀመጠች። እኔ አመሻሽ ላይ ሱሪዬን ጠቅልዬ እየተንቦጫረቅኩ ገባሁና፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ታረቁ!» የሚል ነበር።

«እነማን?» አለች ከላይ።

«ሰዎቹ!»

«እሰይ» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ውሃው በጎደለ ማግስት ልብሷን ቋጥራ ይፋግ፣ እናትና አባቷ ቤት ገባች። ብትጮህ ኖሮ እችልበት ነበር፤ የሚጮህ ሰው ማብረድ ሥራዬ ነው። ዝም ያለ ሰው እንዴት እንደሚበርድ ግን ማንም አላስተማረኝም።

እስከ ታኅሣሥ ድረስ ቤቱን ከዶሮዎቹ ጋር ኖርኩበት። በመጨረሻ እየተሸማቀቅኩ ሽማግሌዎቼን «እኔንስ?» አልኳቸው። ደስታቸውን ለመደበቅ እንኳ አልሞከሩም። አያ ደመቀ «እኔማ ይኸ ነገር መቼ ይመጣል እያልኩ ነበር» ብለው ጋቢያቸውን አንሥተው ተነሡ።

ይፋግ ላይ እንደ ደንቡ ድንጋይ በማጅራቴ ተሸክሜ በአማቴ ግቢ ተንበረከክኩ። ድንጋዩን የመረጡት አያ ደመቀ ናቸው። ለሌላ ሰው ድንጋይ ስንመርጥ «ቀላል ድንጋይ ንቀት ነው» የምለው እኔ ነበርኩ፤ ቃሌን አልረሱትም። ቄስ ሞላ የሚባለውን ሁሉ ብለው ሲያበቁ፣ «በይ ልጄ፣ ካሳሽ ምን ይሁን?» ሲሉ ውባለምን ጠየቋት።

«ጣና» አለች።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እሷ ቀጠለች፦ «አባቶቼ፣ ከሱ ጋር ዐሥራ ሁለት ዓመት ስኖር ጣና በየክረምቱ ደጄ ድረስ መጥቶ ያየኛል። እኔ አንድ ቀን ሄጄ አላየሁትም። ስንቴ ቃል ገባልኝ፤ ስንቴ የሰው ጠብ ቀደመኝ። ጀልባ ይከራይልኝና ደሴቶቹን ከሱ ጋር አንድ ቀን ልዙር። ሌላ አልፈልግም።»

አያ ፈንታ በጆሯቸው ሲጮህላቸው ገብቷቸው አዘኑ። «ቀሚስ አይሻልሽም? ቀሚስ ዓመት ይለበሳል። ጀልባ ማታ ይመልሱታል» አሉ። እሷ ግን አልተነቃነቀችም።

እዚህ ላይ ነገሩ ባለቀ ደግ ነበር። ግን ቄስ ሞላ መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉና «ካሳ ሲፈጸም ሽማግሌ ይቁም፤ ደንቡ ነው» አሉ። ላም ከሆነ ላሟ ስትነዳ፣ ልብስ ከሆነ ልብሱ ሲሰጥ ቆመን እናያለን። ሽርሽር ሲሆን ግን ቆሞ ለማየት አብሮ መንሸራሸር ያስፈልጋል። ይህን ደንብ በየቤቱ እየዞርኩ ያጸናሁ እኔ ነኝና ምን አፍ አለኝ? ለሁለት የታሰበው ጀልባ ለአምስት ሆነ። የቀኑ ማብቂያ ላይ ውባለም በሽማግሌዎቹ ፊት ቃሏን ትሰጣለች፤ ካሳው ከሞላ ወረታ፣ ካልሞላ ይፋግ። ይፋግ ካለች ደግሞ ለሁልጊዜው ነው።

ከጥምቀት በኋላ የሞተር ጀልባ ያለውን ይርጋን በስልክ ተዋዋልኩት። «በክረምት ለዕርቅ ስንመላለስ ያወረድከን ዋርካ ሥር ጠብቀን» አልኩት። ይርጋ ዐሥር ጊዜ በጥድፊያ «እሺ» የሚል ሰው ነው።

ፎገራ የተወለደ ሁሉ በጋ ሲመጣ ሐይቁ እንደሚሸሽ ያውቃል። ውሃው የለቀቀውን መሬት ባሕር ሸሽ እንለዋለን፤ ጭቃው ሳይደርቅ ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል። እኔም አውቃለሁ። በባሕር ሸሽ መሬት ስንት የተፈነከተ ሰው አስታርቄአለሁ! ግን ያ ሁሉ የሰው ጉዳይ ነበር፤ ለራሴ ጉዳይ ይጠቅመኛል ብዬ አላሰብኩም። ጎህ ሲቀድ አምስታችን ዋርካው ሥር ቆምን። እስከ ዓይን ማያ ድረስ ሽምብራ ነው።

«ይርጋ፣ የት ነህ?» አልኩ በስልክ።

«ውሃው ላይ ነኛ! እናንተ የት ናችሁ?»

«ሽምብራ ላይ» አልኩ ቀስ ብዬ፣ ውባለም እንዳትሰማ። ሰምታለች።

አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ሄድን። መሄዱ አልነበረም የከፋው፤ በየማሳው የሚያውቁን ሰዎች መኖራቸው ነው እንጂ። አንዱ ከሩቅ አይቶን «እግዜር ነው ያመጣችሁ! ይኸ ጎረቤቴ...» ብሎ ጀመረ። እግሬ በራሱ ጊዜ ዞረ። ውባለም ቆማ አየችኝ። እግሬን መለስኩት፤ ነገር ግን አያ ደመቀን ለመመለስ ሁለት ሰው አስፈለገ።

ዳሩ ላይ ደግሞ እምቦጭ የሚሉት አረም ውሃውን አልብሶታል። አረንጓዴ መስክ ይመስላል፤ ይርጋ ከመስኩ ማዶ እጁን ያውለበልባል። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ ጠቅልለው፣ እኔ ቄስ ሞላን አዝዬ፣ እስከ ጭናችን እየሰመጥን ተሻገርን። ጀልባው ገና ከመነሣቱ እምቦጭ የሞተሩን መዘውር ተጠምጥሞ አነቀው፤ ይርጋ በቢላ እየመተረ አላቀቀው። ሁለት ጊዜ ቆመን ሁለት ጊዜ መተረ። በመጨረሻ ከፊታችን ንጹሕ ውሃ ሆነ።

ውባለም ከፊት ለፊት ተቀመጠች። ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደችና ነፋሱን በፊቷ ተቀበለችው። ፈገግ አለች። ያን ፈገግታ ካየሁት ብዙ ጊዜ ነበር። መንቁሩ ሥር ከረጢት የመሰለ ነገር ያንጠለጠለ ትልቅ ነጭ ወፍ አጠገባችን ሲያርፍ «ውይ! ይኸ ምን ይባላል?» ብላ ወደ እኔ ዞረች። ልመልስላት አፌን ስከፍት ቄስ ሞላ «ያ ደሴት የማን ታቦት ያለበት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ለሳቸው መለስኩ። ወፉ ሄደ።

የመጀመሪያው ደሴት የወንድ ገዳም ነበር። ሴት እንኳን ቤተ ክርስቲያኑን መሳለም፣ ዳርቻውን አትረግጥም። እኔ እንለፍ ባይ ነበርኩ፤ ቄስ ሞላ ግን ደነገጡ። «ታቦት ሳይሳለሙ በደጁ ማለፍ? በጀልባ ተቀምጠህ? እንዳልሰማ ሆኛለሁ።» ሌሎቹም ተነሡ። ሦስት አዛውንት ሲወርዱ ደጋፊ ያስፈልጋቸዋል። «እኔ ከሷ ጋር እቀራለሁ» ማለት ይቻል ነበር። ይህ ሐሳብ የመጣልኝ ግን አሁን፣ ይህን ስጽፍ ነው። ያን ጊዜ ያልኩት «መጣን፣ አንቆይም» የሚል ነበር።

ገዳሙ ውስጥ ቄስ ሞላ የልጅነት የቅኔ ጓደኛቸውን አገኙ። ሁለት አረጋውያን ሊቃውንት ከብዙ ዘመን በኋላ ሲገናኙ «ሰዓት ሄደ» የሚል አፍ የለኝም። ሁለት ሰዓት ያህል ቆይተን ስንወርድ ውባለም ያዘጋጀችውን ስንቅ ከይርጋ ጋር በልታ የኛን ደግማ ሸፍናዋለች። «ይርጋ የዓሣውን ዓይነት ሁሉ አወቀልኝ» አለች። ይርጋ ባለ ትዳር እንደሆነ በዘዴ ጠየቅኩ። ባለ ትዳር ነው፤ ሆኖም አልተጽናናሁም።

ከቀትር በፊት ከደቅ ደሴት ፊት ለፊት ደረስን። ደቅ ሰፊ ነው፤ ሰው ይኖርበታል፣ ይታረስበታል፣ ሴትም ወንድም ይገባበታል። ውባለም ተነሥታ ቆመች። «ወደዚያ! ያን ነው ማየት የምፈልገው» አለች። ከአጠገቡ ግን ሌላ ደሴት፣ ሌላ የወንድ ገዳም አለ።

«እንሄዳለን ልጄ» አሉ ቄስ ሞላ፤ «ይኸን ብቻ ተሳልመን።»

ውባለም እሳቸውን አልተቃወመችም። እኔን ነው ያየችኝ። «አንተስ?»

«ግማሽ ሰዓት» አልኳት።

«ግማሽ ሰዓት» አለች፤ ቃሉን እንደማታውቀው ዕቃ እያገላበጠች።

ተሳልመን ስንመለስ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሞላም ነበር። እምላችኋለሁ፣ ሳንዘገይ እየወረድን ነበር። ከዛፎቹ መሐል ግን ጩኸት ሰማሁ። ልቤ ዘለለች፤ አልዋሽም፣ በደስታ ነው የዘለለችው።

ሁለት እንጨት አመላላሾች ተናንቀዋል። አንደኛው ለሌላው ታንኳውን አውሶት ነበር። ታንኳ ደንገል ከሚባል የሐይቅ ዳር ተክል የሚታሰር ነው፤ ከውሃ በወጣ ቁጥር አቁመው ካላደረቁት ውሃውን መጥጦ ይከብድና ይበሰብሳል። ተዋሹ ግን ሦስት ቀን ውሃ ውስጥ እንደቆመ ትቶታል።

«ገደለው! ታንኳዬን ገደለው!» ይላል ባለቤቱ።

«ታንኳ ውሃ ካልጠጣ ምን ሊጠጣ ኖሯል?» ይላል ያኛው።

ቄስ ሞላ በዝግታ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። አያ ደመቀ «ደንገሉን ማን አጨደው? ከማን ቦታ?» ብለው ከሥሩ ጀመሩ። አያ ፈንታ ዐይናቸውን ጨፈኑ፤ ፍርዳቸው ደርሷል ማለት ነው። እኔ «ጀልባው...» አልኩ፤ ወዲያው ግን ታንኳውን ገልብጬ ሳየው ጀልባውን ረሳሁት።

እንዲያ ያለ ዕርቅ አስታርቄ አላውቅም። ተዋሹ አዲስ ደንገል ሊያጭድ፣ አብሮም ሊያስር ተስማማ። በመጨረሻ እኔ ተነሥቼ ምክር ሰጠሁ። «ወንድሜ» አልኩት፣ እጄን ትከሻው ላይ አድርጌ፣ «የኔ ነው ያልከውን ነገር ውሃ ላይ ጥለኸው ሄደህ፣ ስመለስ እንደነበረ አገኘዋለሁ አትበል።» ሰውዬው አለቀሰ። ባለ ታንኳው አለቀሰ። በራሴ ንግግር እኔም ዕንባዬ መጣ። ሁለቱ ተሳሳሙ፤ ቄስ ሞላ መረቁ፤ እኛም ረክተን ወደ ዳርቻው ወረድን።

ጀልባ የለም።

በስተግራ ዞርን፣ በስተቀኝ ዞርን። ስልክ ደወልኩ፤ አይገኝም አለችኝ በስልኩ ውስጥ ያለችው ሴት፤ እሷም የተቆጣችኝ መሰለኝ። ፀሐይዋን አይቼ ስገምት ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ለካ ከሦስት ሰዓት በላይ ዛፍ ሥር ተቀምጠናል።

«ሴት ልጅ ሽማግሌ ጥላ ትሄዳለች?» አሉ አያ ደመቀ።

«ስንቃችንስ?» አሉ አያ ፈንታ። ቄስ ሞላ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ውሃውን ማየት ጀመሩ። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ። መጠበቅ ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር። ሰው ዳር ላይ ሲተውት ቀድሞ ይናደዳል፤ ቀጥሎ ምክንያት ይፈልግለታል፤ ቀጥሎ ይፈራል። እኔ ፈራሁ። ይርጋን ወደ ይፋግ አቅጣጫ አዙር ብላው ይሆናል። በጊዜ ወርዳ፣ መኪና ይዛ፣ አሁን አባቷ ግቢ ገብታ ይሆናል። ከዶሮዎቹ ጋር የማሳልፈውን ዕድሜ መቁጠር ጀመርኩ።

አንድ አረጋዊ መነኩሴ ውሃ ሊቀዱ ወረዱ። «ማንን ትጠብቃላችሁ?» አሉን።

«ሚስቴን» አልኩ።

ቅላቸውን አስቀመጡና ለረጅም ጊዜ አዩኝ። «ልጄ፣ እዚህ ደሴት ላይ ሠላሳ ዓመት ኖሬአለሁ» አሉ። «ሚስቱን የሚጠብቅ ሰው ሳይ ይኸ የመጀመሪያዬ ነው።» ተመልሰው ሄደው ቆሎ አመጡልን። ማንም ስለ ረኃቡ አልተናገረም፤ ቆሎው ግን ሳይቆይ አለቀ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የሞተር ድምፅ ሰማን። ውባለም ከፊት ቆማለች። ቀሚሷ እስከ ወገቧ ርሷል፤ አንድ እቅፍ ጌሾ ይዛለች፤ ትስቃለች። ይርጋም ይስቃል። ሽማግሌዎቹ ለቁጣ ያዘጋጁትን ቃል ሁሉ ይዘው ተሳፈሩ፣ ግን የሚናገሩበት ቀዳዳ አላገኙም። ደቅን ከዳር እስከ ዳር ዞራለች። በግድግዳው ሁሉ ሥዕል የሞላበት ቤተ ክርስቲያን አይታለች፤ አንዲት እማሆይ እጇን ይዘው እያንዳንዱን ሥዕል አስረድተዋታል። ሴቶች እንግዳ ናት ብለው ምሳ አብልተዋታል። በታንኳ ላይ ወጥታ ራሷ ቀዝፋለች፤ ተገልብጣም ውሃ ውስጥ ገብታለች፤ ሴቶቹ እየሳቁ ጎትተው አውጥተዋታል። ያን ሁሉ በእጇ እያሳየች፣ እየተነሣች እየተቀመጠች አወራችው። ዐሥራ ሁለት ዓመት አብሬያት ስኖር ያን ያህል ስታወራ ሰምቼ አላውቅም። ምናልባት ታወራ ነበር፤ እኔ አልነበርኩም።

እምቦጩ ዳር ስንደርስ ቄስ ሞላ ሞተሩን አስቆሙና መስቀላቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ ቃልሽን ስጪን። ካሳው ሞልቷል ወይ?»

የጀልባውን ጠርዝ በሁለት እጄ ያዝኩ።

«ሞልቷል አባቴ» አለች።

«ወዴት ትገቢያለሽ?»

«ወረታ።»

አያ ፈንታ እንኳ ሰምተው «እሰይ!» አሉ። እኔ ማልቀሴን አልደብቅም። ከጉልበቷ ሥር ወድቄ «ይቅር በይኝ፤ አብሬሽ መዞር ነበረብኝ» አልኳት። ራሴን ዳበስ አደረገችኝ፤ ልጅ እንደሚያባብል ሰው። «ምንም አይደል» አለች። «ሰው ካልወሰደኝ የማይታይ መስሎኝ ነበር እኮ።» ይህን ያለችው ያለ ቂም ነው። ቂም ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር፤ ቂምን አውቅበታለሁ።

አሁን ቤቷ ገብታለች፤ እኔም ማታ ማታ ቤቴ እገኛለሁ። ጠብ ያለበት ሰው መጥቶ ቢያንኳኳ፣ ቢያንስ የምሽቱን ለሌሎቹ ትቻለሁ። ጎረቤቶቻችን እየመጡ «እስቲ የደቁን ንገሪን» ይሏታል። ስትጀምር በርጩማዬን ጠጋ አደርጋለሁ። እማሆይዋ ይመጣሉ፣ ሥዕሎቹ ይመጣሉ፣ ምሳው፣ ታንኳው፣ መገልበጡ፤ እኔ የምገባበትን ቦታ ጆሮዬን አቁሜ እጠብቃለሁ። ባለፈው አንዷ ጎረቤት መሐል ላይ አቋረጠቻትና «ባልሽስ ያን ጊዜ የት ነበር?» ብላ ጠየቀች። ውባለም ንግግሯን ገታ አድርጋ አሰበች። ልታስታውስ ሞከረች፤ አያታለሁ፣ ከልቧ ነው የሞከረችው።

«እንጃ» አለች በመጨረሻ፤ «የሆነ ቦታ ሰው ያስታርቅ ነበር።» ከዚያ ወደ ታንኳዋ ተመለሰች።